ዳኛው ከየት ይምጣ? የግጥም ውድድር ፍርድ ከቅኔ ጉባኤ እስከ ሚኤሶ

1. መግቢያ

በአማርኛ «ግጥም» እና «ግጥሚያ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። «ገጠመ» ማለት በአንድ በኩል አንዱን ነገር ከሌላው ጋር አገናኘ፣ አስማማ ማለት ሲሆን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከተፎካካሪ ጋር ፊት ለፊት መገናኘትን ያመለክታል። በመሆኑም የግጥም ውድድር የሚባለው ነገር ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር የመጣ እንግዳ ልማድ አይደለም። እንካ ሰላንቲያ የሚጫወቱ ልጆች፣ በለቅሶ ቤት ተራ በተራ የሚያወርዱ አልቃሽና አውራጆች፣ በጉባኤ ፊት ቅኔ የሚዘርፉ ደቀ መዛሙርት ሁሉ ይወዳደራሉ። ውድድር ካለ ደግሞ ፍርድ አለ፤ ፍርድ ካለም ዳኛ አለ።

ስለ ሥነ ግጥም ታሪካችን ሲጻፍ ስለ ገጣሚዎቹና ስለ ግጥሞቹ ብዙ ተብሏል። ስለ ዳኛው ግን እምብዛም አልተባለም። ማን ነበር የሚፈርደው? በየትኛው ሕግ? ፍርዱንስ ማን ተቀበለው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሀገራችን የታወቁ የግጥም መድረኮችን ከዳኝነት አንጻር መመልከትና አንድ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ሐሳቡም የሚከተለው ነው፤ ግጥም ሊዳኝ የሚችለው ግጥሙ የተሠራበትን ሕግ ከውስጥ በሚያውቅ ሰው ነው፤ ይህ ካልሆነ ውድድሩ የገጣሚዎች መሆኑ ቀርቶ የሕጎች ፉክክር ይሆናል፤ በዚያ ፉክክር የሚያሸንፈውም ግጥሙ የተሻለ ሰው ሳይሆን ሕጉ በዳኛው እጅ ያለ ሰው ነው።

ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ የራሴ ስሕተት ስለሆነ እሱን አስቀድሜ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚኤሶ ከተማ በተካሄደ አንድ የተማሪዎች የግጥም ውድድር ላይ ከሦስት ዳኞች አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በፈለጉት ቋንቋ እንዲያቀርቡ ተፈቅዷል፤ በአማርኛ ላልቀረበው ግጥም ትርጉሙ በወረቀት ይሰጠናል። የውጤት መስጫው ቅጽ ግን አንድ ነው፤ ሐሳብ፣ ምጣኔ፣ ቤት መምታት፣ አቀራረብ። አንድ የሶማሌ ተወላጅ ተማሪ በቋንቋው ረዘም ያለ ግጥም በቃሉ አቀረበ። እኔም ጆሮዬን ወደ ስንኙ መጨረሻ አቅንቼ ቤት ስጠብቅ ቆየሁ፤ አልመጣልኝም። በቅጹ ላይ ዝቅተኛውን ነጥብ ሞላሁና ልጁ መጨረሻ ከወጡት አንዱ ሆነ።

ከውድድሩ በኋላ ከታዳሚው መካከል የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀርበው በአማርኛ «መምህር፣ ልጁ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንዱን ፊደል ሳይለቅ ዘለቀ። እናንተ ምን ስትጠብቁ ነው ያጣችሁት?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ቤት አባቴ፣ ቤት አይመታም» አልኋቸው። «የማንን ቤት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የሚከተሉት ገጾች ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ተደርገው ቢወሰዱ አልቃወምም።

2. መምህሩ ዳኛ፤ የቅኔ ጉባኤ

በሀገራችን ረጅም ዕድሜ ያለውና ሥርዓቱም የጠራው የግጥም ዳኝነት የሚገኘው በቅኔ ቤት ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ ስም የሚጠሩት የቅኔ ስልቶች በአገባብና በዜማ ልዩነት ቢኖራቸውም የዳኝነቱ መዋቅር ተቀራራቢ ነው። ተማሪው መምህሩ የነገሩትን ቅኔ ይዞ ያድራል፤ በማግሥቱ ወደ ዱር ወይም ወደ ጥላ ሥር ወጥቶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያም በነገራ ሰዓት በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ቀርቦ ይናገራል። ጀማሪው በሁለት ቤት ከሚፈጸመው ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ እየበረታ ሲሄድ ዘአምላኪየን፣ ዋዜማን፣ ሥላሴን እያለፈ እስከ መወድስ ይዘልቃል።

ከዚህ ሥርዓት ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ዳኛው ራሱ ባለቅኔ ነው። የቅኔ መምህር ለመባል የሌላውን ቅኔ መመርመር ብቻ አይበቃም፤ በየዕለቱ የራስን አዲስ ቅኔ ለጉባኤው መንገር ግድ ነው። ዳኛው ተማሪው በሚዳኝበት ሕግ ዘወትር ራሱን ያስዳኛል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ፍርዱ ምክንያት አለው። መምህሩ ቅኔውን ሲያቃና ሙያው የት እንደ ተበላሸ፣ ቤቱ የት እንደ ጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ የት እንደ ተለያየ በጉባኤው ፊት ያሳያል። ተሸናፊው ተማሪ በነጥብ ሳይሆን በትምህርት ይሸኛል። ሦስተኛ፣ ቅኔ ለዕለቱ የሚፈጠር ስለሆነ የሌላውን ቅኔ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። ዳኛው ይህን ለመለየት ብዙ ቅኔ በቃሉ መያዝ አለበት። ከዳኝነቱ መሣሪያዎች አንዱ የማስታወስ ችሎታው ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. «መጽሐፈ ቅኔ»ን ሲያሳትሙ ከብዙ ባለቅኔዎች የተነገሩትን ሰብስበው አስቀርተዋል። በቃል የኖረው ወደ መጽሐፍ ሊሻገር የቻለው የሊቃውንቱ ጉባኤ አስቀድሞ መርጦና በአእምሮው ይዞ ስላቆየው ነው። ከመጽሐፉ በፊት ፍርዱ ነበረ።

ይሁንና የቅኔ ቤት ዳኝነት ወሰን አለው። ቋንቋው ግእዝ ነው፤ ተማሪው ከሞላ ጎደል ወንድ ነው፤ ሃይማኖቱም አንድ ነው። ዳኛው ሙሉ ሥልጣን ሊኖረው የቻለው ከጉባኤው ውስጥ ሌላ ሕግ ይዞ የሚመጣ ሰው ስለሌለ ነው። ጥያቄው የሚነሣው መድረኩ ሰፍቶ ከተለያየ ቤት የመጡ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰቡ ነው።

3. ታዳሚው ዳኛ፤ የኮሌጅ ቀን

እንዲህ ያለው ሰፊ አዳራሽ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአዲስ አበባ ተከፈተ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥም ያቀርቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም.፣ ከታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን አሰማ። በ1959 ዓ.ም. ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) «በረከተ መርገም»ን አቀረበ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ገደማም ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ሲል በግጥም ጠየቀ።

እነዚህን ግጥሞች የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው ያነሷቸዋል። የሚያነሷቸው ግን እንደ ፖለቲካ ሰነድ ነው። ከዳኝነት አንጻር ስናያቸው ሌላ ነገር ይታያል። በዚህ መድረክ ላይ ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር። አንደኛው ሽልማቱን የሚያስገኘው ነው፤ ሁለተኛው በአዳራሹ ጭብጨባ፣ ከአዳራሹ ውጭም በእጅ ተገልብጦ በሚዞረው ወረቀት የሚገለጸው ነው። ከሁለቱ ዘመን የተሻገረው ሁለተኛው ነው። ዛሬ የእነዚህ ገጣሚዎች ስም የሚታወሰው በሽልማታቸው ሳይሆን ታዳሚው ግጥማቸውን ተቀብሎ ስላዳረሰው ነው።

ስለ ሁለቱ ገጣሚዎች ትንሽ ማከል ያስፈልጋል። ገሞራው ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጣ ሰው ነው። ርግማንን እንደ ምርቃት የሚያቀርበው ርእሱ ራሱ የቅኔን አካሄድ ያስታውሳል፤ ታዳሚው ካደገበት የሰምና ወርቅ ባህል የተነሣ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። በዚህ ረገድ ገጣሚውና ፈራጁ የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ።

ኢብሳ ጉተማ ግን ሌላ ሁኔታ ላይ ነበር። ገጣሚው የኦሮሞ ተወላጅ ነው፤ የጥያቄውም እምብርት ኢትዮጵያዊነት በማን መልክ ይለካል የሚል ነው። ጥያቄውን ለማቅረብ ግን በአማርኛ፣ በአማርኛ ግጥም ሕግ መወዳደር ነበረበት። ጥያቄው የተሰማው የመድረኩን ሕግ አሳምሮ ስለያዘው ነው። ሕጉን ያልያዘ፣ ነገር ግን በራሱ ቋንቋ ከእርሱ የማያንስ ገጣሚ ቢኖር በዚያ አዳራሽ ምን ዕድል ነበረው? ይህን ለመመለስ ከአዲስ አበባ ወጥተን በባቡር መስመሩ ወደ ምሥራቅ መውረድ አለብን።

4. ወደ አዳራሹ ያልገቡት፤ የሐረርጌ ባለ ግጥሞች

የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ከሥነ ጽሑፍ ታሪካችን የራቁ አይደሉም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የ«ፋቡላ» ደራሲ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ነበሩ፤ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩም እርሳቸው ናቸው። እንዲያም ሆኖ ከደጋው ከጭሮ እስከ ቆላው ሚኤሶ ያለው ሕዝብ ግጥሙን የሚሰማው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ ነበር።

በኮሌጁ አዳራሽ ግጥም መነበብ በጀመረበት ዘመን በሐረርጌ ምድር አንድ ታላቅ ገጣሚ ነበሩ፤ ሼህ በክሪ ሰጰሎ። እ.ኤ.አ. በ1895 የተወለዱት እኒህ ሊቅ በእስልምና ትምህርት የበቁ መምህር ሲሆኑ፣ በዐረብኛ ከመጻፋቸው ሌላ በኦሮምኛ የሚገጥሟቸው ግጥሞች ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በቃል ይዛመቱ ነበር። ሰው የሚማርካቸውን ግጥም ለመያዝ ወረቀት አላስፈለገውም። ሆኖም የኦሮምኛን ድምፆች በሚገባ የሚወክል ጽሕፈት አስፈላጊ መሆኑን ስላመኑ እ.ኤ.አ. በ1956 ራሳቸው አዲስ ፊደል ፈጠሩ። ፊደሉ በመንግሥት ዘንድ በጥርጣሬ ታየ፤ ሼህ በክሪም በድሬዳዋ በቁም እስር ኖሩ። በኋላም ወደ ሶማሊያ ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1980 በስደት ዐረፉ። ስለ ፊደላቸው የሚተርከው የሃይዋርድና የመሐመድ ሐሰን ጥናት በለንደን የታተመው ከሞታቸው ቀጥሎ በነበረው ዓመት ነው።

የሼህ በክሪን ታሪክ ከዳኝነት አንጻር ስናየው አስገራሚ ነው። በሕዝባቸው ዘንድ የላቀ ባለ ግጥም ተብለው ተፈርዶላቸው ነበር። ፍርዱን የሰጡት የግጥሙን ቋንቋና ሕግ የሚያውቁት፣ ግጥሙን በቃላቸው የያዙት አድማጮች ናቸው። ሀገሪቱ በዚያን ጊዜ የግጥም መድረክ ብላ ባዘጋጀችው ቦታ ግን ይህን ፍርድ የሚቀበል ወንበር አልነበረም።

የኦሮሞ ሥነ ቃል ከሼህ በክሪም የሚቀድም የፉክክር ባህል አለው። ጌረርሳ የጀግናው፣ የአዳኙና የባለ ታሪኩ ግጥም ነው፤ አንዱ ሲጌርር ሌላው ይሰማል፤ የራሱን ይዞ ይነሣል። በሐረርጌ ደግሞ ሸጎዬ የወጣቶች ጨዋታ ነው፤ ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ሆነው በግጥም ይጠያየቃሉ፤ ይመላለሳሉ። በሸጎዬ የተሾመ ዳኛ የለም። መልስ ያጣው ወገን መሸነፉን ሁሉም ያውቃል፤ የተሳካው ስንኝ በዚያው ሌሊት በተቀባዮች አፍ ይገባል፤ ያልተሳካው እዚያው ይቀራል።

የኦሮምኛ ግጥም ውበት ከሚታይባቸው መንገዶች አንዱ የስንኞች ትይዩነት ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ከዛፍ፣ ከከብት፣ ከወንዝ አንድ ነገር ያነሣል፤ ተከታዩ በመዋቅርና በድምፅ እርሱን እያስተጋባ ወደ ሰው ነገር ያሻግረዋል። የአናባቢ መርዘምና ማጠርም የቃል ፍቺ ስለሚለይ፣ በጆሮው ይህን የማይለይ ሰው የድምፁን ማስተጋባት ግማሹን ያጣዋል። ቋንቋው በ1984 ዓ.ም. በላቲን ላይ በተመሠረተው ቁቤ እንዲጻፍ ከተወሰነ በኋላ የአናባቢው ርዝመት በጽሕፈት መታየት ጀምሯል፤ ዳኛው ግን ከወረቀቱ አስቀድሞ ጆሮ ያስፈልገዋል።

5. ሦስት ሚዛን በአንድ ጣቢያ፤ ሚኤሶ

ሚኤሶ የባቡር ከተማ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ በመካከል ከቆሙት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሲሠራም ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ ተቋራጭ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ሌላ ተቋራጭ ስለሠራው ሁለቱ ሥራዎች የተገናኙት እዚሁ ነው። የሰዉም ነገር እንዲሁ ነው። በአካባቢው ኢቱ ኦሮሞና ኢሳ ሶማሌ ይኖራሉ፤ በባቡሩና በመንግሥት ሥራ ምክንያት የመጡ አማርኛ ተናጋሪዎችም ከተማውን ከዋጁት መካከል ናቸው።

ስለዚህ በሚኤሶ አንድ የግጥም ውድድር ሲዘጋጅ ሦስት የግጥም ሕጎች በአንድ መድረክ ይገናኛሉ። የአማርኛውን ሕግ እናውቀዋለን። መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 የአማርኛን የግጥም አሠራር ስልት በተመለከተ ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው ስንኞቻችን በቀለም ቁጥር ይመጠናሉ። ቡሄ በሉ አራት አራት፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ ወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሐረጎች ይሠራሉ። ስንኙ መጨረሻ ላይ ቤት ይመታል። የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግጥም ሲሰማ ወደ ስንኙ ጅራት የሚያዘነብለው ለዚህ ነው።

የሶማልኛ ግጥም ጆሮን የሚጠራው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሕጉ «ሂጋድ» ወይም «ሐረፍራዕ» ይባላል። በእያንዳንዱ ስንኝ፣ በገበይ ደግሞ በእያንዳንዱ የስንኝ እኩሌታ፣ ቢያንስ አንድ ቃል በተመረጠው ድምፅ መጀመር አለበት፤ ይህም ድምፅ ከግጥሙ መነሻ እስከ መድረሻ አይለወጥም። ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢሆን መቶውም በ«ደ» ወይም በ«ሰ» ይሄዳል። በአናባቢ የሚጀምሩ ቃላት እንደ አንድ ድምፅ ይቆጠራሉ። ገጣሚው የቋንቋውን መዝገበ ቃላት እንደ ግመል መንጋ በየምልክቱ ለይቶ ካላወቀ እንዲህ ያለውን ግጥም ከዳር ማድረስ አይችልም። ታዋቂው የ«ዴሌይ» የግጥም ሰንሰለት፣ መሐመድ ሐሺ ዳማዕ (ጋሪዬ) እ.ኤ.አ. በ1979 ጀምሮት ሀድራዊና ሌሎችም እየተመላለሱ የተሟገቱበት፣ ስሙን ያገኘው ሁሉም በ«ደ» በመግጠማቸው ነው።

ምጣኔውም ሌላ ነው። የሶማልኛ ስንኝ የሚለካው በቀለም ቁጥር ብቻ ሳይሆን በአናባቢው ማጠርና መርዘም ነው። ይህ ልኬት «ሚዛን» ይባላል፤ ቃሉ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ገጣሚዎቹ ለዘመናት ያለ ስሕተት ሲጠቀሙበት የኖሩት ይህ ሕግ በጽሑፍ ተብራርቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ በጋዜጣ ያወጣው ራሱ ጋሪዬ ነው። ከዚያ በፊት የውጭ ሀገር ምሁራን በብዙ ቢደክሙም የልኬቱ ቁልፍ አልተገለጠላቸውም። ይህን ከመንግሥቱ ለማ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። መንግሥቱ ከአባቱ ከአለቃ ለማ ኃይሉ ሥር የቅኔን ዓለም ያየ፣ ራሱም ገጣሚ የሆነ ሰው ነበር። በሁለቱም ቋንቋዎች ሕጉን አጥርተው ካሳዩት መካከል ጎልተው የሚታዩት በሕጉ የሚሠሩ ገጣሚዎች መሆናቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ሌላም ልዩነት አለ። በሶማሌ ባህል የሌላውን ግጥም የሚያሰማ ሰው የገጣሚውን ስም አስቀድሞ መናገር፣ ቃሉንም ሳይለውጥ ማድረስ ይጠበቅበታል። እንድሬዘየቭስኪና ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት የሶማሌ ግጥም መግቢያ ይህን ልማድ በሰፊው ገልጸውታል። ይህ ከቅኔ ቤቱ ስርቆትን የመጸየፍ ሥርዓት ጋር ይቀራረባል። በአንጻሩ የሸጎዬ ስንኝ የሁሉም ነው፤ አንዱ የፈጠረውን ሌላው ቢቀጥልበት ነውር የለበትም። «ይህ ግጥም የራሱ የልጁ ነው ወይ?» የሚለው የዳኛ ጥያቄ በሦስቱ ባህሎች ሦስት ዓይነት ትርጉም አለው ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ የውጤት ቅጽ እንመለስ። «ቤት መምታት» የሚለው ተራ ለአማርኛው ተወዳዳሪ የሚገባው ነው፤ ለኦሮምኛዋ ተወዳዳሪ ትይዩነቷን አይመዝንም፤ ለሶማልኛው ተወዳዳሪ ደግሞ ያላጠፋውን ጥፋት ይጽፍበታል። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ማንንም ለመበደል አላሰበም። የበደሉ መነሻ አለማወቅ ነው፤ አለማወቁ ግን ልጁን ከመጎዳት አላገደውም።

ይህም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሚኤሶና አካባቢዋ የሁለት ክልሎች ወሰን የሚነካቸው ናቸው፤ በ1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል አከራካሪ በነበሩ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደርጓል፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በሁለቱ ክልሎች ወሰን በተነሣ ግጭት እጅግ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ወጣት በእናቱ ቋንቋ ያሳመረውን ግጥም ይዞ ወጥቶ «ግጥምህ ቤት የለውም» ተብሎ ሲመለስ የሚሰማው የነጥቡን ማነስ ብቻ አይሆንም። የኢሳ ሶማሌዎች «ሔር ኢሳ» የተባለ ሕጋቸውን ከትውልድ ትውልድ በቃል ሲያስተላልፉ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሕጉን በአፉ ይዞ የኖረን ሕዝብ ልጅ በንግግር ጥበብ ስንዳኝ ቢያንስ የምንዳኝበትን ማወቅ ይገባናል።

6. የሌላው ዓለም ልማድ

ከተወዳዳሪዎቹ ወገን የሆነ ስመ ጥር ገጣሚን ለዳኝነት ማስቀመጥ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። የዐረብ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ እንደሚተርከው ከእስልምና በፊት በጣኢፍ አቅራቢያ በሚቆመው የዑካዝ ገበያ ለገጣሚው ለናቢጋ ቀይ የቆዳ ድንኳን ይተከልለት ነበር። አዕሻ፣ ሐሳን ኢብን ሣቢትና ገጣሚቷ ኸንሳእ ግጥማቸውን በፊቱ አሰምተዋል። በትረካው ሐሳን በፍርዱ ቅር ተሰኝቶ ተከራክሯል፤ ናቢጋም ከቃላቱ አመራረጥ ተነሥቶ ነቀፌታውን አስረድቷል። ትረካው ለትውልድ የቆየው ፍርዱ ምክንያት ስለነበረው ነው።

በዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1176 በካርዲጋን ቤተ መንግሥት በተደረገው ጉባኤ የሚጀምር ታሪክ ያለው የአይስቴድቮድ ውድድር አለ። ገጣሚው በብዕር ስም ይወዳደራል፤ ዳኞቹ የቋንቋው ገጣሚዎች ናቸው፤ ፍርዳቸውንም ከነምክንያቱ በሕዝብ ፊት ያሰማሉ፤ አሸናፊው ወንበር ይሸለማል። እ.ኤ.አ. በ1917 የአሸናፊው ስም ሲጠራ ሄድ ዊን የተባለው ገጣሚ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በጦር ሜዳ መሞቱ ተነገረ፤ ወንበሩም በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ። ከትልቅ ቋንቋ አጠገብ የሚኖር ትንሽ ቋንቋ ግጥሙን ጠብቆ ካቆየባቸው መንገዶች አንዱ የዳኝነቱን ወንበር ለራሱ ገጣሚዎች ማስከበሩ ነው።

7. መከራከሪያና ማጠቃለያ

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ከውስጥ የመጣ ዳኛ ለወገኑ ያደላል፤ አዲስ ነገር ሲመጣም ይገፋል የሚል ነው። ተቃውሞው መሠረት አለው። ሰሎሞን ደሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ሲያሳትም ከተለመደው የቤትና የምጣኔ ሕግ በመውጣቱ ጠንከር ያለ ክርክር ተነሥቶበት ነበር፤ ከተቃወሙት መካከል የአማርኛን ግጥም ሕግ ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ። ይሁንና ሕጉን የሚያውቁት ሰዎች የተሟገቱት ሰሎሞን የትኛውን ሕግ፣ ለምን እንደ ጣሰ ለይተው ነው። እኔ ግን በሚኤሶ ከልጁ ጋር አልተሟገትሁም፤ ምን እንደ ሠራም አላወቅሁም። ከውስጥ የመጣ ዳኛ ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱ ግን መልስ ሊሰጥበት የሚችል ስሕተት ነው። አድሎን በተመለከተም የተወዳዳሪውን ስም መሸሸግና የፍርዱን ምክንያት በአደባባይ ማስረዳት የተፈተኑ መድኃኒቶች ናቸው።

እንግዲህ ከላይ ከታየው ታሪክ ለተግባር የሚሆኑ አራት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። በተለያዩ ቋንቋዎች የሚካሄድ ውድድር ለእያንዳንዱ ቋንቋ በዚያው ቋንቋ የሚገጥም የታወቀ ባለ ግጥም ዳኛ ያስፈልገዋል፤ ዳኛው የትምህርት ማስረጃ የሌለው አዛውንት ወይም የቡራንቡር አዋቂ እናት ቢሆኑም። ሁለተኛ፣ በተለያየ ሕግ የተሠሩ ግጥሞችን በአንድ ተራ ቁጥር መደርደር አይገባም፤ ለየቋንቋው ለየብቻ ይፈረድ። ሦስተኛ፣ ዳኛው እንደ ቅኔ መምህሩ ምክንያቱን በጉባኤ ፊት ይናገር። አራተኛ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ግጥም ለመሰብሰብ ወደ ገጠር ሲወጡ ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ግጥሙን የሚዳኝበትን ቃልም ይሰብስቡ። ሽማግሌዎች «ይህ ሞላ፣ ይህ ጎደለ፣ ይህ ሳተ» የሚሉበት ቋንቋ ራሱ የሥነ ግጥም ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ከአዋቂዎቹ ጋር ወደ መቃብር ሲወርድ ግን ከግጥሙ ይልቅ ፈጥኖ የሚጠፋው እርሱ ነው።

ያ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ግጥሙን አንድ ፊደል ሳይስት የፈጸመ ልጅ መሆኑን ግን የሚመሰክሩለት አንድ ሽማግሌ በዚያ አዳራሽ ነበሩ። መቀመጥ የነበረባቸው ከኋላ አግዳሚ ላይ ሳይሆን በእኔ ወንበር ላይ ነበር።